እስክንድርን ከጎንደር ምን አገናኘው? ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን እዚህ ጎንደር ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር አንድ ጽሑፍ ደረሰኝ። ስለ ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን ነው። ጸሐፊው የከተማችን ልጅ ነው፤ ብዕሩም የሚነበብ ነው። ድምዳሜውን ግን መዋጥ አቃተኝ።

ባጭሩ እንዲህ ይላል። እስክንድር ሱሪያሊዝምን፣ ሕልምንና ድብቅ አእምሮን የሚሥለውን የጥበብ ስልት፣ ከፓሪስ ገልብጦ ያመጣ ሰው ነው። የጎንደር ሥዕል ጥርት ያለና ሥርዓት ያለው ስለሆነ ከእሱ ቅዠት ጋር አይገናኝም። ደግሞም ሰውየው በአባቱ ወገን አርመን ነው፤ አዲስ አበባ ተወልዶ አሜሪካ የሞተ፣ አገሩን ጥሎ የሄደ ነው። ዝናውን የሰጡትም የፈረንጅ ሙዚየሞች ናቸው። ስለዚህ ሥዕል ለሚማሩ የጎንደር ልጆች አርአያ ሊሆን አይገባም።

አንድ በአንድ እመልሳለሁ። አንዳንዱ ላይ እቆያለሁ፤ አንዳንዱን በጥቂት መስመር አልፈዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ለማያውቁት ሰውየውን ላስተዋውቅ። እስክንድር በ1937 አዲስ አበባ ተወለደ። ጣሊያን አገሩን የያዘበት ጊዜ ነው። አባቱ የክብር ዘበኛ መኮንን ነበሩ። በ1955 በመንግሥት የትምህርት ዕድል ለንደን ሄደ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ወደ ፓሪስ ተሻገረና ዘጠኝ ዓመት ገደማ ኖረ። በ1966 ተመልሶ አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እስከ 1969 አስተማረ። ከዚያ አሜሪካ ሄደ። ዋሽንግተን ባለው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ አስተምሮ፣ እዚያው ከተማ በ2003 አረፈ።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ።

አንደኛ፣ «ከፓሪስ ገለበጠ» ስለመባሉ። ፓሪስ መማሩን የካደ የለም። የሠዓሊውን የፖል ክሌን ሥራ አጥንቷል። የቺሊው ሮቤርቶ ማታና የኩባው ዊፍሬዶ ላም በሥራው ላይ አሻራቸው አለ። ጸሐፊው የላምን ስም ይጠቅስና ማስረጃ ያገኘ መስሎት ያልፋል። እኔ ብሆን እዚያው ላይ ነበር የምቆመው።

ላም ማን ነው? አባቱ ቻይናዊ፣ እናቱ ከአፍሪካ ከመጡ ባሮች የተወለደች። የክርስትና እናቱ ሳንቴሪያ በሚባለው የአፍሮ ኩባውያን እምነት የታወቀች አዋቂ ነበረች። ላምም እንደ እስክንድር ፓሪስ ኖሯል። ከፒካሶ ጋር ተወዳጅቷል፤ ሱሪያሊስቶቹም ከራሳቸው ቆጥረውታል። ከዚያ በ1941 አገሩ ኩባ ገባ። የሣለውስ ምን ነበር? በሸንኮራ አገዳ መሃል የቆሙ፣ ግማሽ ሰው ግማሽ እንስሳ የሆኑ መናፍስትን። ያደገበትን ማለት ነው። እንደኔ እስክንድር ከላም ያገኘው ትልቁ ነገር ድፍረት ነው። የቤትህን መናፍስት ይዘህ ብትመጣ ዘመናዊ ሠዓሊ ከመባል የሚከለክልህ የለም የሚል ድፍረት። ይሄ መገልበጥ ከተባለ ያልገለበጠ ሠዓሊ የለም።

ጸሐፊው ጭራሽ ያላነሳው ሌላ ነገር አለ። እንደ ጎንደሬ ሊያልፈው አይገባም ነበር። እስክንድር ከመወለዱ ከአምስት ዓመት በፊት የፓሪስ ሱሪያሊዝም ራሱ ጎንደር መጥቷል።

በ1931 ከዳካር ተነሥቶ አፍሪካን አቋርጦ እስከ ጅቡቲ የተጓዘ የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ነበር። መሪው ማርሴል ግሪዮል ይባላል። ቡድኑ በ1932 ጎንደር ገብቶ ወራት ተቀመጠ። ያረፉት በጣሊያን ቆንስላ ነበር። የቡድኑ ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ ሲሆን፣ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ የአንድሬ ብሬቶን ሱሪያሊስቶች አባል የነበረ ገጣሚ ነው። ይህ ሰው ጎንደር ላይ ምን ሲሠራ ከረመ? ዛር ቤት ሲያመሽ። መልካም አየሁ ከሚባሉ ባለዛር እመቤት ዘንድ እየተቀመጠ፣ ዛሩ ሲወርድና ሲያስጓራ እያየ፣ በአስተርጓሚ እየጠየቀ ማስታወሻ ይይዝ ነበር። ከዓመታት በኋላም ስለ ጎንደር ዛር አንድ ሙሉ መጽሐፍ አሳትሟል። ፓሪስ ቡና ቤት ተቀምጠው ሕልምና ድብቅ አእምሮ ሲሉ የነበሩ ሰዎች የሚፈልጉትን ነገር በሥጋ የለበሰ ሆኖ ያገኙት እዚህ ነው።

ሥዕሉም ላይ ጉድ አለ። ያው ቡድን ከአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን የድሮውን የግድግዳ ሥዕል አንሥቶ ፓሪስ ወሰደው። በምትኩ አዲስ ሥዕል አሠርቶ ለጠፈ። አዲሱን የሣለው ጋስቶን ሉዊ ሩ የሚባል ለሥራው ከፓሪስ የመጣ ወጣት ሠዓሊ ነው። ስለዚህ የመገልበጥን ነገር ካነሣን አይቀር፣ ጎንደር መጥቶ ጎንደርን የገለበጠው ፓሪሳዊው ነው። ዋናው ሥዕል ዛሬ ኬ ብራንሊ በሚባለው የፓሪስ ሙዚየም ነው። እስክንድር ዘጠኝ ዓመት ፓሪስ ሲኖርም ሥዕሉ እዚያው ከተማ ነበር። ይህን የማነሣው ከዚያ ተማረ ለማለት አይደለም። የፓሪስና የጎንደር መንገድ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንዳልነበረው ለማሳየት ነው።

ሁለተኛው ነጥብ የጽሑፉ አንጀት ነው። የጎንደር ሥዕል ጥርት ያለ፣ ሥርዓት ያለው፣ ቅዠት የሌለበት ነው ይላል።

እውነት? እስቲ ደብረ ብርሃን ሥላሴ እንግባ። አስጎብኚዎቻችን ሁልጊዜ ወደ ጣሪያው ነው የሚያሳዩት። እንግዳውም አንገቱ እስኪያመው ሽቅብ ያያል። በተርታ የተደረደሩ ፊቶች፣ ክንፍ እንጂ አካል የሌላቸው፣ ዓይናቸው የተከፈተ። አካል የሌለው ራስ በክንፍ ሲበር የጠራ ተፈጥሮ ነው እንዴ? ሥላሴን እንይ። አንድ ዓይነት ፊት ያላቸው ሦስት ሽማግሌዎች፣ በዙሪያቸው አራቱ እንስሳ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ባንድ እግር ቆመው ክንፍ አብቅለዋል። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ሰውነታቸው በጠጉር ተሸፍኖ በአንበሶችና በነብሮች መሃል ቆመው ወፍ ከዓይናቸው እንባ ትጠጣለች። በላዔ ሰብእ ሰው ይበላል። ዲያብሎስ በእሳት ታስሯል።

እኛ ከልጅነታችን ስላየናቸው አይገርሙንም። በመጀመሪያ ቀን ለሚያይ ሰው ግን ከየትኛውም የፓሪስ ሸራ ያስደነግጣሉ። ሥርዓት አላቸው፤ ልክ ነው። ሥርዓታቸው ግን የማይታየውን ዓለም ለማሳየት የተበጀ ሥርዓት ነው።

እዚህ ላይ ከእስክንድር አድናቂዎችም ጋር ትንሽ ልጣላ። አንዳንዶቹ ዓይኖቹን በቀጥታ ከደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ አምጥቶ እንደለጠፋቸው አድርገው ያወራሉ። ይህም ያለቀለት አይደለም። የጣሪያው መላእክት ሰላም አላቸው። የእስክንድር ፍጡራን ሰላም የላቸውም። በ1964 የሠራውን «የፍርሃትና የደስታ የሌሊት በረራ» ተመልከቱ። አሁን አሜሪካ በሰሜን ካሮላይና የሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል። ክንፍ ያላቸው ፍጡራን በጨለማ ውስጥ ይበራሉ። ወፍ ይሁኑ መንፈስ አይለይም። ባዶ ቦታ የለም፤ ሁሉም ጥግ በነጥብ፣ በጭረት፣ በትንንሽ ምልክት ተሞልቷል። ይህ ከጣሪያው ይልቅ የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ አልፎ ደብተራው ቤት ያደርሰናል።

ክታቡን ማለቴ ነው። ለማያውቅ ወጣት ላስረዳ። አንድ ሰው ዓይነ ጥላ ሲያስቸግረው፣ ቡዳ ሲፈራ፣ ወይም ሴትየዋ ልጅ አልቆምላት ሲል ደብተራ ዘንድ ይኬዳል። ደብተራው ከበግ ወይም ከፍየል ቆዳ ብራና ያዘጋጃል። ቁራጮቹን ይሰፋቸውና ርዝመቱን ከባለቤቱ ቁመት ጋር ያስተካክላል። ሰውየው ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ መጠበቅ አለበትና። ጸሎቱ በግዕዝ ነው። የቅዱስ ሱስንዮስና የውርዝልያ ታሪክ ከታወቁት አንዱ ነው፤ ሕፃናት የምትገድለዋ ውርዝልያ በቅዱሱ የምትሸነፍበት። የባለቤቱ የክርስትና ስም በቀይ ቀለም ይገባል። በጽሑፉ መሃል ጠልሰሙ ይሣላል። ጠልሰም ደግሞ አብዛኛው ዓይን ነው። ከኮከብ የሚወጣ ዓይን፣ በመስቀል ጫፍ ላይ ያለ ዓይን፣ በሰለሞን ማኅተም መሃል የተቀመጠ ፊት። ከዚያ ተጠቅልሎ በቆዳ ማኅደር ይገባና አንገት ላይ ይታሠራል።

አሁን አስቡት። ይህ ሥዕል ለጌጥ እንዲታይ የተሣለ አይደለም። ተጠቅልሎ ታሽጓል። ሥራው ማየት ነው። መንፈሱ ሲመጣ ዓይኑን ያይና ይሸሻል፤ ሥዕሉ መንፈሱን ያያል ማለት ነው። ብሬቶን በ1924 የሱሪያሊዝምን መግለጫ ሲያወጣ ስለ ሠዓሊው ሕልም፣ ስለ ውስጡ ነው ያወራው። ደብተራው ግን ስለ ራሱ ሕልም ደንታ የለውም። ለበሽተኛ መድኃኒት እየሠራ ነው። መጠን አለው፤ አይሳሳትም፤ ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ቅርጽ ነው።

የእስክንድር ሥራ ከሁለቱ ለየትኛው ይቀርባል? እንደኔ ወደ ሁለተኛው ያጋድላል። ከሥዕሎቹ ፊት ስትቆም የሚሰማህ የሠዓሊውን የግል ሕልም ሰርቆ የማየት ስሜት አይደለም። ከዚያ በኩል የሚያይህ ነገር አለ። ደግሞ በኋላ ዘመኑ ሸራውን ትቶ የሄደበትን ቁስ ተመልከቱ። ቆዳ። የዛፍ ልጥ። ልጡን እየቆረጠ፣ እየደራረበ፣ ፊደል የሚመስሉ ምልክቶችን እየቀረጸበት እንደ ክታብ ወደ ታች የሚዘረጋ ሥራ ሠርቷል። ፓሪስን ገልብጦ የቀረ ሰው ልጥና ቆዳ ምን ያደርግለታል? ሱሪያሊስት የሚለው ስም ራሱ እስከ ግማሽ መንገድ ብቻ ነው የሚሸኘው።

ወጣቶቹ ክታብን ጥንቆላ ነው ብለው እንደሚሸሹት አውቃለሁ። ቤተ ክህነትም አትወደውም። ስለ እምነቱ መከራከር አልፈልግም። ስለ ሥዕሉ ግን ዝም ማለት አይቻልም። የፋሲል ግቢን አጥር ተከትላችሁ ሂዱና ባለሱቆቹ የሚሸጡትን የፍየል ቆዳ ሥዕል ተመልከቱ። ትልልቅ ዓይን፣ ቢጫና ቀይ ቀለም፣ ንግሥተ ሳባ፣ እንጀራ የምትጋግር ሴት። እሱን ባህላዊ እንለዋለን፤ ማንም አይቆጣም። ከክታቡ ሥር ድረስ የቆፈረውን ሰው ግን ባዕድ እንለዋለን።

ሦስተኛው ነጥብ የደሙ ጉዳይ ነው። አባቱ የአርመን ዘር ነው፣ እሱም አዲስ አበቤ ነው፣ ስለዚህ እኛን አይወክልም። ይህን ሳነብ ትንሽ አፈርኩ።

«ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ» የሚለውን የንጉሡን ዘመን መዝሙር ዜማ የደረሱት አርመናዊው ኬቮርክ ናልባንዲያን ናቸው። አያቶቻችን ቆመው ሲያዳምጡት የዜማ ደራሲውን ዘር ማን ጠየቀ?

ደግሞ ጎንደር ስለ ንጹሕ ደም በሥዕል ጉዳይ ብትናገር አያምርባትም። ጎንደር ያማረባት ስትቀበል ነው። የጎንደር ነገሥታት ከሁሉ አብልጠው ያከበሩት ሥዕል ኵርዓተ ርእሱ ነው። የእሾህ አክሊል የደፋው ክርስቶስ። ንጉሡ ሲዘምት አብሮ ይዘምታል፤ በፊቱ ይማላል። በ1744 ከሱዳኑ የስናር መንግሥት ጋር በተደረገው ጦርነት ተማርኮ፣ በቤዛ ሲመለስ ከተማው በደስታ ተቀበለው። ይህ ሥዕል የማን እጅ ሥራ ነው? አጥኚዎች እንደሚሉት በ16ኛው መቶ ዘመን የአንድ የፍላንደርስ ወይም የፖርቱጋል ሠዓሊ። በ1868 መቅደላ ላይ የብሪቲሽ ሙዚየም ወኪል የነበረ እንግሊዛዊ ወስዶት እስካሁን አልተመለሰም።

ምስለ ፍቁር ወልዳስ? በየቤተ ክርስቲያኑ የምናያት እመቤታችን ልጇን ታቅፋ፣ እጇን አጣምራ የተሣለችው፣ ከሮማ ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ሥዕል ቅጂ የመጣች ናት። የኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን ናቸው ያመጧት። የጎንደር ሠዓሊዎች ደግሞ በ1590 ገደማ ሮማ ላይ ከታተመ የዓረብኛ ወንጌል ሥዕሎች ብዙ ትዕይንት ወስደዋል። ወስደው ግን ዝም ብለው አልተዉትም። ጥላውን አወጡ፤ ዓይኑን አሰፉ፤ የጎንደር ልብስ አለበሱት። ዛሬ የጎንደር ሥዕል ስንል የምንኮራበት ይሄው ነው። ለእነሱ የፈቀድነውን ለእስክንድር የምንከለክልበት ምክንያት ጽሑፉ ውስጥ የለም።

አራተኛ፣ «አገሩን ጥሎ ሄደ፤ ያፈራው የለም» ስለሚለው። ሄዷል፤ አዎ። አንዳንዱ ደርግ አሰደደው ይላል፤ እሱ ልክ አይደለም። የሄደው ከአብዮቱ በፊት ነው። ከሄደ በኋላ ግን አገሩ ለሠዓሊ የምትመች አልሆነችም። ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አብሮት ያስተማረው ገብረ ክርስቶስ ደስታም በ1981 አሜሪካ ኦክላሆማ ውስጥ ነው የሞተው። እሱን ግን ጥሎ ሄደ የሚል አልሰማሁም።

ያፈራው የለም የሚለው ደግሞ ጨርሶ አያስኬድም። ፊደልን ሸራ ላይ የሚያስጨፍረው ወሰኔ ኮስሮፍ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የእስክንድር ተማሪ ነበር። እስክንድር በ2001 ዋሽንግተን ለሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ «ኔክሰስ» የተባለውን የአሉሚኒየም ሥራ የሠራው ከሠዓሊዋ ከበደች ተክለአብ ጋር ነው። ስልሳ አራት ዓመቱ ነበር። የመጨረሻ ዘመኑን ትልቅ ሥራ ለኢትዮጵያ ኤምባሲ ግድግዳ የሰጠ ሰው ጥሎ ሄደ ከተባለ፣ እንግዲህ ሌላ ምን ይበል?

አምስተኛ፣ «ዝናውን የሰጡት ፈረንጆች ናቸው፤ የሚፈልጉትን ስለሠራላቸው ነው»። ይቺ ቀላል ናት። የኒውዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም «የጁጁ ሠርግ» የተባለውን የ1964 ሥራውን ገዝቷል። ከተቀደደና ከተቆረጠ ካርቶን፣ በቀለምና በብረት ቀለም የተሠራ ነው። ሠዓሊው ገና የሃያ ሰባት ዓመት ልጅ ነበር። ያኔ ፈረንጅ ከኢትዮጵያዊ ሠዓሊ የሚፈልገው ምን እንደነበር የፋሲል ግቢ ባለሱቆች ይንገሩን፤ ዛሬም ያው ነውና። ንግሥተ ሳባን ይፈልጋል፤ መልአክ ይፈልጋል። እስክንድር የሰጣቸው የተቀደደ ካርቶን ነው። ለገበያ መሥራት እንዲህ አይደለም። ደግሞም በ1967 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የሥነ ጥበብ ሽልማት የሸለመችው ኢትዮጵያ ናት። ጽሑፉ ይህን አላነሣም። ቢያነሣ ኖሮ ነጥቡ አይቆምለትም ነበር።

ጸሐፊው ልክ የሆነበት አንድ ቦታ አለ። የእስክንድርን ሥራ ጎንደር ላይ ቆሞ ማየት አይቻልም ይላል። እውነት ነው። ከታወቁት ሥራዎቹ ብዙዎቹ አሜሪካ ናቸው። ልጆቻችን የሚያዩት በስልክ፣ በተጨመቀ ፎቶ ነው። በፎቶ ደግሞ የጭረቱ ድርብርብ አይታይም፤ ልጡ እንጨት ይመስላል። በዚህ ላይ ቅሬታው ቅሬታዬ ነው። ከዚያ ተነሥቶ ግን የጎንደር ተማሪ እሱን ማወቅ አያስፈልገውም ማለት ሌላ ነገር ነው። የአባ እንጦንስም ሥዕል ፓሪስ ነው። እሱ የኛ አይደለም ያለ ጎንደሬ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ለሥዕል መምህራኖቻችን የማቀርበው ሐሳብ ከጸሐፊው ተቃራኒ ነው። ተማሪዎቹን ጠዋት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ውሰዷቸው፤ ጣሪያውን ብቻ ሳይሆን የግድግዳውን ዲያብሎስም አሳዩአቸው። ከሰዓት ክታብ ያለው ሰው ፈልጉና፣ ፈቃደኛ ከሆነ፣ ጠልሰሙን ፈትተው እንዲያዩ አድርጉ። ከዚያ በኋላ ነው የእስክንድርን «የሌሊት በረራ» የምትከፍቱላቸው። ማን ከማን ገለበጠ የሚለውን ራሳቸው ይከራከሩበት።